ለአሥራ አንድ ክረምት በረኛችን የነበረውን ሰው ለዋንጫ ብለን ለወጥነው፤ ልክ ነበርን?

የሰፈር ኮሚቴ (ጥያቄ አቅራቢ)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ይህን ለመጻፍ ብዙ ቀን አመንትቻለሁ። ጉዳዩ እዚሁ ጎንደር በየክረምቱ በሚደረገው የሰፈሮች ውድድር ላይ የሚሳተፍ አንድ ቡድን ነው፤ እኔም በቡድኑ ኮሚቴ ውስጥ ሰባት ዓመት አገልግያለሁ። ሰዎቹ እንዳይታወቁ የሰፈሩን ስም አልጠራም።

በረኛችን ለአሥራ አንድ ክረምት ግባችንን ጠብቋል። ሙያው ቤት ቀለም መቀባት ሲሆን፣ የልምምድ ቀን ክንዱ ላይ ያለው ቀለም ሳይደርቅ ከሥራ በቀጥታ ወደ ሜዳ ይመጣ ነበር። የግቡ መረብ ሲቀደድ በሲባጎ የሚሰፋው እርሱ ነው፤ ጨዋታ ባለበት ቀን ከሁሉም ቀድሞ ደርሶ፣ ኖራ በጣሳ በጥብጦ የሜዳውን መስመር የሚያሰምረውም እርሱ ነው። ማልያዎቹን ሰብስቦ ወደ ቤቱ እየወሰደ የሚያሳጥባቸው እርሱ መሆኑን ከኮሚቴው አባላት አንዳንዶቻችን ያወቅነው ከለወጥነው በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ማልያው ንጹሕ ሆኖ የሚመጣው በራሱ ይመስለን ነበር።

ነገር ግን ዋንጫ አላነሣንም። ሁለት ጊዜ ለግማሽ ፍጻሜ ደርሰን ሁለቱንም ጊዜ ከማእዘን በተሻገሩ ኳሶች ተሸነፍን። ጉልበቱን ያመው ነበር፤ በጭቃ ሜዳ ላይ መዝለል እንደከበደው ከዳር ሆኖ ለሚያየው ሁሉ ግልጽ ነበር። አምና ሰኔ ላይ ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ የሰፈሩ ነጋዴዎች ባዋጡት ገንዘብ ከሌላ ከተማ በረኛ እንዲቀጠር አራት ለሁለት በሆነ ድምፅ ወሰነ። ከአራቱ አንዱ እኔ ነበርሁ። ዋንጫውንም አነሣን። የፍጻሜው ጨዋታ በፍጹም ቅጣት ምት ተለይቶ፣ ቅጥሩ በረኛ ሁለት ምት አድኖ፣ ሰፈሩ እስከ እኩለ ሌሊት ሲጨፍር አመሸ።

እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን የዚያው ቀን ጠዋት ነው። ሜዳውን ለማየት በማለዳ ስሄድ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ በግቡ ፊት ያለውን መስመር በኖራ ሲያሰምር አገኘሁ። እርሱ ነበር። ከሰዓታት በኋላ ሌላ ሰው የሚቆምበትን ክልል በገመድ እየለካ ያሰምር ነበር። ቀና ብሎ፣ «ሌሊት ዘንቦ አጥፍቶታል» አለኝና ሥራውን ቀጠለ። እኔም አንድ ቃል ሳልመልስ አለፍሁ።

ዘንድሮ ያ ቅጥር በረኛ የተሻለ ወደ ከፈለው ሰፈር ሄዷል። የእኛ ሰው ደግሞ ወደ ሜዳ መምጣት ትቷል። ውድድሩ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት ከሁለት ያጣን ሆነን ተቀምጠናል። አንድ ቡድን ለሚያሸንፍበት ተጫዋች ሲል የሚወደውን ተጫዋች ሊተው ይገባል ወይ? በቅንነት እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ።

ዐፄዎቹን ደጋፊ

ወንድሜ፣ ጸጸትዎን እረዳለሁ፤ ነገር ግን ልክ ነበራችሁ ብዬ በግልጽ እመልሳለሁ። ቡድን የሚወዳደረው ሊያሸንፍ ነው። ነጋዴው ገንዘቡን ያዋጣው፣ ልጆቹ በዝናብ የተለማመዱት ለዚያ ነው። የአንድን ሰው ስሜት ለመጠበቅ ሲባል የሌሎች አሥር ሰዎች ድካም ሜዳ ላይ ቢቀር እርሱም በደል ነው።

በእንግሊዝ የሆነውን ሁላችንም ተከታትለናል። ፔፕ ጋርዲዮላ እ.ኤ.አ. በ2016 ማንችስተር ሲቲን ሲረከብ ጆ ሃርት በ2012 እና በ2014 የሊጉን ዋንጫ ያነሣ፣ ደጋፊው የሚዘምርለት በረኛ ነበር። አሰልጣኙ ግን በእግሩ ኳስ የሚያቀብል በረኛ ፈልጎ ሃርትን በውሰት ወደ ቶሪኖ ላከው። በምትኩ ከባርሴሎና የመጣው ክላውዲዮ ብራቮ አልተሳካለትምና ሲቲ ያን ዓመት ያለ ዋንጫ ጨረሰ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ሃርትን አባርሮ ይኸው» እያለ ተሳለቀ። በዓመቱ ኤደርሰን ከቤንፊካ መጣና ሲቲ ሊጉን በ100 ነጥብ አሸነፈ። አሰልጣኙ በሕዝብ ስሜት ተሸንፎ ቢሆን ኖሮ ያ ቡድን አይሠራም ነበር።

በእኛም ከተማ ቢሆን ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሣ፣ ያ ቡድን የተገነባው ከየአቅጣጫው በመጡ ተጫዋቾች እንጂ በጎንደር ተወላጆች ብቻ አልነበረም። ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ስለተካሄዱ ቡድናችንን የተከተልነው በቴሌቪዥን ነበር፤ ያም ሆኖ ደስታው የእኛ ነበር። ተጫዋቹ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም።

ሩጫ ተመልካች

የሁለታችሁንም አነበብሁ። እኔ እግር ኳስ ብዙ አልከታተልም፤ ነገር ግን ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ሐሳቤ ወደ አቴንስ ይሄዳል። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. ማታ፣ ጎንደር ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ወንበር ጠፍቶ ቆመን ያየነውን የ10,000 ሜትር ውድድር ማለቴ ነው።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአትላንታና በሲድኒ በዚህ ርቀት ወርቅ አግኝቷል፤ ወደ አቴንስ የሄደው ግን ተረከዙን እያመመው ነበር። ቀነኒሳ በቀለ በዚያው ዓመት የኃይሌን የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። ስለዚህ ማን ማንን እንደሚተካ ከውድድሩ በፊት የማያውቅ አልነበረም። ውድድሩ ሲጋመስ ኃይሌ ከፊተኞቹ ተለይቶ ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ፤ ቀነኒሳና ስለሺ ስኅን ወደ ኋላቸው እየዞሩ ያዩት ጀመር፤ ፍጥነታቸውንም ቀነሱ። እርሱ ደርሶባቸው ጥቂት አብሯቸው ሮጠ፤ እንደገናም ቀረ። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበረ አንድ ሽማግሌ፣ «አይ ልጆች፣ ሂዱ! ሂዱ!» ሲሉ እስካሁን ይሰማኛል፤ አጠገባቸው ያለው ጎረምሳ ደግሞ «ጠብቁት!» እያለ ይጮሃል። በመጨረሻ መሄዳቸው ግድ ሆነና ሄዱ። ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰዱ፤ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ።

ያን ቀን ሁለቱም ነገር በአንድ ውድድር ውስጥ ሆነ። ወጣቶቹ ለኃይሌ ብለው ወርቁን አልጣሉም፤ ወርቁን ለማግኘት ሲሉም እንዳላዩት ሆነው አላለፉም። ዐፄዎቹን ደጋፊ ሆይ፣ ኤደርሰን ሲመጣ ሲቲ ማሸነፉን አልክድም፤ ነገር ግን የጠያቂያችን ጭንቀት ከውጤቱ የመጣ አይመስለኝም፤ ከዚያ ጠዋት ዝምታ ነው የመጣው።

የማራኪ እህት

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። መለወጡን ለበረኛችሁ የነገረው ማን ነው?

የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ወንድሜ ለአንድ ቡድን ስድስት ዓመት ተጫውቶ፣ አንድ ቀን ጫማውን በከረጢት ይዞ ለልምምድ ሲሄድ በበሩ ላይ በተለጠፈው የስም ዝርዝር ውስጥ ስሙ አልነበረም። አሰልጣኙ ሜዳው ላይ ቆሞ እያየው ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። ወንድሜ ተመልሶ መጥቶ ከረጢቱን ከአልጋ ሥር አስገባው፤ እናቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ቤት ስትጠርግ አገኘችው፤ ጭቃው ጫማው ላይ እንደደረቀ ነበር። በመቀነሱ ቅር ይበለው አይበለው አላውቅም፤ ከእርሱ የሚሻል ልጅ መኖሩን ራሱ ይናገር ነበር። ስለዚያ አሰልጣኝ ፊቱን ማዞር ግን ዛሬም አንሥቶ አይጠግብም።

የሰፈር ኮሚቴ

እህቴ፣ ጥያቄዎ ከባድ ነው፤ እውነቱን እመልሳለሁ። የነገረው ማንም የለም።

ኮሚቴው ሲወስን ሊቀመንበሩ ይነግረዋል ብለን ተለያየን። ሊቀመንበሩ በበኩሉ የሰፈሩ ሽማግሌ በሆኑት አባታችን በኩል እንዲነገረው አስቦ ኖሮ፣ እርሳቸው ለለቅሶ ወደ ደብረ ታቦር ሄደው ሰነበቱ። በዚህ መካከል ቅጥሩ በረኛ ደረሰና ልምምድ ጀመረ። የእኛ ሰው የሰማው ጓንቱን ከሚይዝለት ልጅ ነው። ልጁ የጎረቤቱ ልጅ ነው፤ ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሮጦ ሄዶ፣ «ሌላ ሰው ግብ ውስጥ ቆሟል» አለው። ከዚያ በኋላ እርሱ ለማንም ምንም አላለም። ስንገናኝ ሰላምታ አላጓደለም፤ ይህም ይበልጥ አሳፈረን።

ጡረተኛ አሰልጣኝ

በቀለም ትምህርት ቤትም በሰፈርም ቡድን ለብዙ ዓመታት ልጆች አሰልጥኛለሁ፤ ስለዚህ ጥቂት ዘለግ አድርጌ ብጽፍ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ታማኝነትን ከማሸነፍ ተቃራኒ አድርጋችሁ ማቅረባችሁ ላይ አልስማማም። በረኛ ኳስ ማዳን ብቻ አይደለም ሥራው፤ ኳስ ሲሻገር «የኔ!» ብሎ ሲጮህ ተከላካዩ ሳይዞር ቦታውን ይለቃል። ያ ድምፅ የሚታመነው በአንድ ወር አይደለም። የአንድ ሰፈር ልጆች ለአሥራ አንድ ክረምት የለመዱትን ድምፅ ሲለውጡ፣ የሚያጡትን ነገር በዝውውር ዋጋ የሚተምን የለም። አምና ቅጥሩ በረኛ ሁለት ምት በማዳኑ ዋንጫ መጣ፤ በጨዋታ ጊዜ ግን ስንት ጊዜ ተከላካዮቻችሁ ከእርሱ ጋር ተጋጭተዋል? ነበርሁና አይቻለሁ። የመጀመሪያውን ግብ የበላችሁት በዚያ ነው።

ይህ ችግር በትልልቆቹም አለ። በአገራችን ሊግ አብዛኛው ውል የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። የዝውውር መስኮት ሲከፈት ግማሹ ቡድን ይወጣል፤ አሰልጣኙ በጥቂት ሳምንት ዝግጅት የማይተዋወቁ ሰዎችን ቡድን ለማድረግ ይታገላል። ፋሲል በ2013 ዓ.ም. ሲያሸንፍ በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ ሥር የነበሩት ልጆች ተግባብተው የሚጫወቱ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲያ አጥቂው ሙጂብ ቃሲም ወደ አልጄሪያው ጄ.ኤስ. ካቢሊ ሄደ፤ አምበሉ ያሬድ ባየህም ወደ ባሕር ዳር ከነማ ተዛወረ። በተከታዮቹ ዓመታት ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ንግድ ባንክና መድን ዋንጫውን ሲወስዱ እኛ በየዓመቱ አዲስ ስም ስናጠና ከረምን። በተጫዋቾቹ አልፈርድም፤ የእግር ኳስ ዕድሜ አጭር ነውና ለቤተሰባቸው ማሰብ አለባቸው። ታማኝነት ከተጫዋቹ ብቻ የሚጠበቅ ዕዳ ከሆነ ግን ፍትሕ የለውም።

የጉልበቱን ጉዳይ ግን አልሸሽም። ጉልበቱ ከከዳው ግብ ውስጥ መቆም አልነበረበትም። በዚህ ኮሚቴው አልተሳሳተም።

ቅርጫት ኳስ ወዳድ

ጋሼ የጻፉት ልቤን ነክቶታል። ከሌላ ስፖርት አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ከጠያቂያችን ሁኔታ ጋር ይመሳሰላልና።

ዲማር ዴሮዛን ለቶሮንቶ ራፕተርስ ዘጠኝ የውድድር ዘመን ተጫውቷል። ሌሎች ኮከቦች ከተማዋን ጥለው ሲሄዱ እርሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ውሉን አድሶ ቆየ። በ2018 ሐምሌ ግን ያኔ የክለቡ ኃላፊ የነበረው ናይጄሪያዊው ማሳይ ኡጂሪ ወደ ሳን አንቶኒዮ ላከውና በምትኩ ካዋይ ሌናርድን አመጣ። ዴሮዛን እንደማይሸጥ ተነግሮኝ ነበር ብሎ ቅሬታውን በይፋ ተናገረ፤ ኡጂሪም በመካከላቸው ለተፈጠረው አለመግባባት በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። በ2019 ቶሮንቶ በፍጻሜው ጎልደን ስቴትን አራት ጨዋታ ለሁለት አሸንፎ በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። በዚያው በጋ ሌናርድ ወደ ሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ሄደ፤ የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነው።

ቶሮንቶዎች ዋንጫውን በማግኘታቸው የሚጸጸቱ አይመስለኝም፤ እኔም ብሆን አልጸጸትም። ነገር ግን ኡጂሪ ይቅርታ የጠየቀው ከዋንጫው በፊት ነው። ያሸነፈ ሰው ይቅርታ መጠየቅ ይቀልለዋል፤ ገና ሳያሸንፍ መጠየቁ ነው እኔን ያስገረመኝ። የእናንተ ኮሚቴ ከድሉ በፊትም ከድሉም በኋላ አልጠየቀም።

ዐፄዎቹን ደጋፊ

አቋሜን አልለወጥሁም፤ ነገር ግን የማራኪ እህት የጻፉትን ካነበብሁ በኋላ ትናንት የጻፍሁት ደረቅ ሆኖ ታየኝ።

ይሁን እንጂ ስለሚገባውም ሰው አስቡ። እኛ ሁልጊዜ የምናዝነው ለሚወጣው ነው። ታምራት ቶላ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ውድድሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ገባና በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ አመጣ። ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰውም የሚጠብቀው ቀን አለው። የሚወደድ ሰው ስለሆነ ብቻ ቦታው አይነካ ካልን፣ ከኋላው ያለው ልጅ መቼ ይጫወታል? ጋሼ አሰልጣኝ፣ በዚህስ ምን ይላሉ?

ጡረተኛ አሰልጣኝ

ልጄ፣ በዚህ ከአንተ ጋር ነኝ። እንዲያውም የኮሚቴውን ሰው የምጠይቀው እርሱን ነው፤ ከሌላ ከተማ በገንዘብ ሰው ከማምጣታችሁ በፊት ከኋላው የነበረ ልጅ አልነበረም ወይ? አሥራ አንድ ክረምት ግብ የጠበቀ ሰው አጠገብ እየተማረ ያደገ ልጅ የለም ብላችሁ አታሳምኑኝም።

የሰፈር ኮሚቴ

የሁላችሁንም ደጋግሜ ካነበብሁ በኋላ ትናንት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቱ ሄድሁ። ብቻዬን ነው የሄድሁት፤ ኮሚቴውን ይዤ ብሄድ ሽምግልና ይመስልበታል ብዬ ነው። ቡና ተፈልቶ ነበርና ባለቤቱ ተቀመጥ አለችኝ። እርሱ በረንዳው ላይ የቀለም ብሩሾቹን በጋዝ እያጠበ ነበር።

ይቅርታ ጠየቅሁት። ድምፄን ከአራቱ ጋር መስጠቴን፣ ሳንነግረው መቅረታችንን፣ የፍጻሜው ዕለት ጠዋት ሳልናገር ማለፌን አንድ በአንድ ነገርሁት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ የተናገረውን ጋሼ አሰልጣኝ እንዲያነቡልኝ ስል ቃል በቃል አሰፍራለሁ።

«ጉልበቴ እንደከዳኝ ከእናንተ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ። ካቻምና ግማሽ ፍጻሜ ላይ ያን ኳስ ሳጣት በቃኝ ብያለሁ። አንድ ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝ ኖሮ፣ እኔ እወጣለሁ ልጁን አስገቡት እላችሁ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ጓንት እንዲይዝ ብቻ ነው እንዴ አብሬው የምውለው? ጠዋት ጠዋት ተሻጋሪ ኳስ እያለማመድሁት ነበር። ገንዘቡንም ባላወጣችሁ።»

ልጁ ዘንድሮ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ወደ ሜዳ እንዳልመጣ የዚያን ጊዜ ነው ያስተዋልሁት፤ እኛ የሚያነሣው ሰው ስለሌለ ስለ እርሱ ጠይቀን አናውቅም ነበር። ከበረንዳው ሆኖ በአጥሩ ላይ ጠራው። ልጁ መጥቶ ቆመ፤ ቁመቱ ከሁለታችንም በልጧል፤ እኔን ሲያይ ግን ፊቱን ወደ መሬት አደረገ። ልምምድ እንዲጀምር ስጠይቀው መልስ የሰጠኝ ልጁ አልነበረም። «እኔ ካልኩት ይመጣል፤ ግን መጀመሪያ የስም ዝርዝሩን ስትሠሩ እኔም እቀመጣለሁ» አለ በረኛችን።

ማታውኑ ኮሚቴውን ጠራሁ። አንዱ አባል፣ ልምድ የሌለው ልጅ ይዘን ዋንጫውን እንዴት እንጠብቃለን ብሎ ተቃወመ፤ እርሱም እውነት አለው፤ ምናልባት በመጀመሪያው ዙር እንወድቅ ይሆናል። በመጨረሻ አምስት ለአንድ ተስማማን። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ እንገናኛለን። ኖራ ገዝቼ ቤት አስቀምጫለሁ፤ መስመሩን ግን እንዴት ቀጥ አድርጎ እንደሚያሰምር ከእርሱ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ፣ ገመዱን ይዤ እንድጠብቀው ነግሮኛል።

የማራኪ እህት

ቅዳሜ ወንድሜን ይዤ እመጣለሁ። ጫማውን ዛሬ አጥቤ ፀሐይ ላይ አውጥቼዋለሁ፤ ካልፈለገ ዳር ቆሞ ይያችሁ።